አገጭ በወረደ ቁጥር

ማክሰኞ እንደወትሮው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ፤ አንድ እንቁላል ቀቀልኩ፤ ዳቦ ጠብሼ ማርማላታ ቀባሁበት። ሬዲዮው ዝናቡ ይቀጥላል አለ፤ በእኛ ከተማ በባካፕ ይህ ዜና አይባልም። ሳህኑን አጥቤ አስቀመጥኩ። ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ መቀሱን አውርጄ በወጥ ቤት ፎጣ ጠቀለልኩትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የወረቀቱን ጥቅል በብብቴ ይዤ ወደ አውቶቡሱ ወረድኩ።

"ዛሬ ደግሞ የማንን ግድግዳ ሊያለብሱ ነው፣ ሚስስ ራምስደን?" አለኝ ሾፌሩ። በየሳምንቱ የሚለኝ ይህንኑ ነው።

"የአንተን። ሚስትህ ናት የላከችኝ" አልኩት። የምመልስለትም ይህንኑ ነው።

መቀሱ የባለቤቴ የዊልፍ ነው። ዊልፍ አርባ ዓመት በሰው ግድግዳ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ኖረ። የመቀሱ ስለት ከስንዝር ይበልጣል፤ እጀታው አውራ ጣቱ ባረፈበት በኩል አልቆ ስስ ሆኗል። ነጩም ወረቀት የእሱ ነው፤ አበባ ያለው ወረቀት ከመለጠፉ በፊት ግድግዳው ላይ የሚነጠፈው ዓይነት። ዊልፍ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከድሮው የጥጥ ፋብሪካ ቢሮ በላይ ባለው የጎልማሶች ማዕከል፣ ማንበብ ያልሆነላቸውን አዋቂዎች አስተምራለሁ። አሠራሬ ቀላል ነው። ተማሪው የሚፈራውን ረጅም ቃል በነጩ ወረቀት ላይ በወፍራም ብዕር እጽፍለታለሁ። እጁን አገጩ ስር ያደርጋል፤ ቃሉን እኔ ቀስ ብዬ እላለሁ፣ እሱም ይደግማል። አገጩ በወረደ ቁጥር አንድ ቦታ ይቆረጣል። ቆራጩ ተማሪው ራሱ ነው፤ እኔ መቀሱን አልነካም። ከዚያ ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ አራርቀን እንደረድራለን፣ አንድ በአንድ እናነባለን፣ ቀስ በቀስ እናጠጋጋቸዋለን። የተጋጠሙ ዕለት ቃሉ የተማሪው ነው። ውሎ አድሮ አንዳንዱ ቁራጭ ተመላላሽ መሆኑን ያስተውላሉ። "ሽን" የሚለው ጭራ በስንቱ ቃል ላይ እንደሚንጠለጠል፣ "ዲስ" የሚለው ራስ የስንቱን ቃል ፊት ወደ ተቃራኒው እንደሚያዞር ያዩና፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ቃል ሲመጣ ግማሹን አስቀድመው ያውቁታል።

ኤድና ሆወርዝ ቀድማኝ ደርሳ እርጥብ ኮቷን ማሞቂያው ላይ ዘርግታ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ክንዷ የዱቄት ጆንያ ያነሣ ክንድ ነው።

"እህቴ፣ ዛሬ የትኛውን አውሬ ነው የምናርደው?" አለችኝ።

"ኮንታሚኔሽን። የምግብ መበከል።"

"እሱን ነው እኮ ስፈራው የኖርኩት። ያ ዘንዶ!"

ኤድና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ ስታበስል ማንበብ እንደማትችል ማንም አላወቀም። ዕቃውን በጣሳው ቀለምና በሥዕሉ ትለየዋለች፤ የቀረውን በአፍንጫዋ። ባለፈው ጥር ግን ዕቃ አቅራቢው ተለወጠና ጣሳው ሁሉ ነጭ ሆኖ መጣ፤ ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ፣ ፊደል ብቻ። በዚያ ላይ ኤድና ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተደፍኖ ነበር። ለሁለት መቶ አሥር ልጆች ኬክ ላይ የሚፈሰውን ቸኮሌት በስጋ መረቅ ዱቄት ሠራችው።

"ሦስቱ ጨምሪልን ብለዋል" ትላለች ይህን በተናገረች ቁጥር። "እሱን ማንም አያነሣልኝም።"

ነገሩ የታወቀው በዚህ ነው። በዚያው ሰሞን ምግብ የሚነካ ሁሉ የምግብ ንጽሕና ፈተና በጽሑፍ ይለፍ የሚል ትእዛዝ መጣ። የወጥ ቤቱ አለቃ ሚስስ ታተርሶል ኤድናን ጠርታ ቁርጧን ነገረቻት፤ ካለፈች ምድጃዋ ጋር ትቆያለች፣ ከወደቀች መመገቢያ አዳራሹን ትጠርጋለች። ፈተናው አርብ ነበር።

ያን ማክሰኞ ኤድና እጇን አገጯ ስር አድርጋ ዘንዶዋን አራት ጊዜ ቆረጠችው። ኮን። ታ። ሚ። ኔ። ሽን። አምስቱን ቁራጭ አራርቃ ደርድራ ከላይ ቁልቁል ተመለከተቻቸው።

"ይኸው ነው? ለዚች ነው ስርበደበድ የኖርኩት? ፓይም እንዲሁ ነው እኮ፤ ሳይቆረስ ግባ ቢሉት የማንም አፍ አይችለውም።"

ማጋጠም ስትጀምር የማዕከሉ ኃላፊ ጁሊያን ገባ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከደቡብ ነው የመጣው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ቁራጮቹን አጎንብሶ አያቸው።

"ሚስስ ራምስደን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አቆራረጡ ልክ አይመስለኝም። መዝገበ ቃላቱ 'ታም' ብሎ ነው የሚቆርጠው።"

"መዝገበ ቃላቱ አርብ አይፈተንም" አልኩት። "የምትፈተነው ኤድና ናት። የሚቆረጠው አፏ በሰበረበት ነው።"

"እሺ። የመጣሁት ለእሱ አይደለም።" መቀሱን አየ። "ይህ... ይህ ነገር ክፍል ውስጥ ሊኖር አይችልም። የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። ክብ ጫፍ ያላቸው የልጆች መቀሶች አስመጥቼያለሁ።"

ከኪሱ ቢጫ የፕላስቲክ መቀስ አወጣ። ኤድና ተቀብላው ሁለት ጣቷን ለማስገባት ሞከረች፤ አንዱም አልገባ።

"ለአሻንጉሊት ፀጉር ነው?" አለች። "የኔ ልጅ፣ እኔ በቀን አርባ ኪሎ ድንች በቢላ የምልጥ ሴት ነኝ።"

"ደንብ ነው፣ ሚስስ ሆወርዝ። ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ደስ ይልዎታል።" አንድ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "አንባቢ የማግኘት መብት አለዎት። አጠገብዎ ተቀምጦ ጥያቄውን ሁሉ የሚያነብልዎት ሰው። ነጻ ነው። መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።"

ኤድና ቅጹን በአንድ ጣት ወደ እሱ መለሰችው።

"አልፈልግም።"

"ግን እኮ... ሥራዎን ሊያጡ ይችላሉ።"

"ሰማሁ። አልፈልግም አልኩህ።"

"ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም።"

"ማን አፈረ?" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እሱን ሳይሆን የተቆራረጠውን ወረቀት እያየች ተናገረች። "እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ደብዳቤ መጣልኝ። ያኔ ስልክ አልነበረንም። ለጎረቤቴ ወስጄ ሰጠኋት። 'ደህና ናት፣ ምቾት አላት፣ እሁድ መጥተሽ ጠይቂያት ይላል' አለችኝ። እናቴ አርብ ሞተች። ለካ ደብዳቤው ከታች ቶሎ ድረሺ ይል ኖሯል። ሴትየዋ ክፉ ሆና አይደለም፤ አዘነችልኝ። አዝናልኝ ነው ያጠፋችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲያነብልኝ አልፈልግም። ወድቄ ልጥረግ፤ ራሴ አንብቤ ልውደቅ።"

ጁሊያን ቅጹን አነሣ። አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እኔ ከሆስፒታል ለዊልፍ ስለመጣ ሌላ ደብዳቤ አሰብኩ። አንድ ረጅም ቃል ነበረበት። የተማርኩ ነኝና፣ ዊልፍ ኮቱን ሳይሰቅል በአንድ እይታ አነበብኩት። "ምን ይላል?" አለኝ። ሙሉውን ነገርኩት።

"መቀሱ ክፍል ውስጥ መግባት ካልቻለ" አልኩት ጁሊያንን፣ "ክፍሉ ወደ መቀሱ ይሄዳል። ኤድና፣ ሐሙስ እኔ ቤት ነይ።"

ያልኩትን ያሰብኩበት አውቶቡስ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ኤድና ያን ቀን አሥራ አንድ ቃል ቆርጣ ወረቀቱን ጨርሳዋለች። ቤት የቀረው አንድ ጥቅል ብቻ ነው፤ እሱም ያለው በጓሮ በኩል ባለው ክፍል፣ ዊልፍ ወረቀቱን ሙጫ ይቀባበት ከነበረው ረጅም ጠረጴዛ ስር ነው። ያንን ክፍል ለዓመት ከመንፈቅ አልከፈትኩትም። እህቱ ሦስት ጊዜ "ዕቃውን ለሰው እንስጥና ተገላገዪው" ብላኛለች። ሦስት ጊዜ ሻይ ቀድቼላት ወሬ ቀይሬያለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ክፍሉን ከፈትኩ። መስኮቱን አጸዳሁ። የጠረጴዛውን እግሮች ዘርግቼ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ፤ የደረቀው ሙጫ ግን አልለቀቀም። ኤድና ከሥራ ፈቃድ ወስዳ በሦስት ሰዓት መጣች፤ በእጇ በጨርቅ የተሸፈነ ድስት ይዛለች።

"የድንችና የሽንኩርት ፓይ ነው። መረቅ የለበትም፤ ጣሳውን አንብቤያለሁ።"

ጠረጴዛውን ስታይ አፏን ከፈተች። "አምላኬ! በዚህ ላይማ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይዘረጋል።"

ጥቅሉን አውጥቼ አንድ ክንድ ያህል ዘረጋሁ። "ሪፍሪጅሬሽን" ብዬ ጻፍኩ። ምግብ ማቀዝቀዝ ነው፤ ፈተናው ላይ እንደሚመጣ አልተጠራጠርኩም። ኤድና ለመቁረጥ ወረቀቱን ስታነሣ ጀርባው ታጠፈ። ቆመች።

"እዚህ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ።"

ወረቀት ለጣፊ ግድግዳውን አስቀድሞ ይለካል። ጥቅሉ ጀርባ ላይ ተቆርጦ የሚለጠፈውን የየቁራጩን ቁጥር ይጽፋል፤ ወረቀቱ ተገልብጦ እንዳይለጠፍም ወደ ላይ የሚሆነውን ጫፍ "ላይ" ብሎ ያመለክታል። ዊልፍ ይህን ጥቅል ለክቶ ምልክት ያደረገው ለእኛው መኝታ ቤት ነበር። አልለጠፈውም። መኖሩን አውቅ ነበር።

ኤድና እጇን አገጯ ስር አደረገች። "ላይ" አለች። "አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወረደው። ላይ፣ አንድ። ይህ መቀስ እንኳን አይፈልግም።"

"አይፈልግም።"

"የማን ጽሕፈት ነው?"

"የዊልፍ።"

መቀሱን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ይህንንስ አልቆርጥም። እህቴ፣ ሱቅ ሄጄ ሌላ ወረቀት ልግዛ። አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም።"

"ቁረጪ።"

"ኧረ ተይ..."

"ኤድና፣ ይህ ወረቀት የተገዛው ሊቆረጥ ነው። ፈተናሽ ነገ ነው። ቁረጪ አልኩሽ።"

ፊቴን አየችው። ምን እንዳየች አላውቅም። መቀሱን አነሣችና ጀመረች። ያ መቀስ ወረቀት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ረጅም፣ እንደ ትንፋሽ። ከጎኑ ክፍል ሆኜ ስሰማው ኖሬያለሁ። እስከ ስምንት ሰዓት ሃያ ሦስት ቃል ቆረጥን። ላይ አንድ፣ ላይ ሁለት፣ ላይ ሦስት፣ እያለ እስከ ላይ ሰባት ሄደ። ከላይ ሰባት በኋላ የቀረው ባዶ ካርቶን ነበር። ፓዩን በላን። ኤድና ስትሄድ ቁራጮቹን ጠራርጌ፣ እንደሌላው ጊዜ ሁሉ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመርኳቸው።

አርብ ዕለት ተፈታኞቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ሠላሳ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት፤ ለማለፍ ሃያ ያስፈልጋል። ጁሊያን ፈታኝ ሆኖ ፊት ለፊት ቆመ። እኔ ከመስታወቱ በር ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ኤድና ወረቀቱን አገላበጠችው፣ ኮቷን አወለቀች፣ እጇን አገጯ ስር አደረገችና ጀመረች። ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። "ዲስ... ኢን... ፌክ... ታንት።" ጀርም ማጥፊያ ማለት ነው። ጁሊያን መጣ።

"ሚስስ ሆወርዝ፣ እባክዎን ድምፅ አያሰሙ።"

"እያነበብኩ ነው። የኔ ንባብ ድምፁ ይህ ነው።"

"ሌሎቹ ይረበሻሉ።"

"ኧረ ተዋት!" አለ ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ ሥጋ ሻጭ። "እኔ እንኳን ገና አሁን ገባኝ!"

ሳቅ ሆነ። የጁሊያን ጆሮ ቀላ። ዝቅ ብሎ፣ ግን በሚሰማ ድምፅ፣ "ለዚህ እኮ ነበር አንባቢ ይመደብልዎ ያልኩት" አላት።

"አንባቢማ አለኝ" አለች ኤድና። "እኔ ነኝ። ጮክ ብላ ነው የምታነብልኝ፤ ደንባችሁ ላይ ካልተከለከለ አትንካት።"

ደንቡን አውጥቶ ተመለከተ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ጮክ ብሎ ማንበብን የሚከለክል አላገኘም፤ ሌላውን መረበሽን የሚከለክል ግን ነበረው። ስለዚህ ከክፍሉ አጠገብ ወዳለችው ሻይ ማፍያ ወሰዳትና እያየ እንዲቆጣጠራት በሯን ክፍት ተዋት። ኤድና ወንበሯን ራሷ ተሸክማ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም። ሻይ ማፍያዋ ከእኔ ወንበር በአንድ ግድግዳ ብቻ የተለየች ናት።

ከግማሽ ሰዓት በላይ ሰማኋት። ስትቆም፣ ስትመለስ፣ ስታጋጥም። ከዚያ ዝም አለች። "ማይ" አለች። ዝም። "ማይ... ክሮ።" እንደገና ዝም። ቃሉን አወቅኩት። ማይክሮኦርጋኒዝም፤ በዓይን የማይታይ ነፍስ ያለው ነገር። አልሠራነውም። በሦስት ወር ውስጥ ስንት ቃል ስንቆርጥ እሱን ረሳሁት። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ጁሊያን ወደ እኔ አየ። ምልክት እንዳልሰጣት ሠግቶ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የግድግዳው ወረቀት በመጥፎ ተለጥፏል፤ መገጣጠሚያው ላይ የቅጠል ሥዕሉ ግማሽ ከግማሹ አልገጠመም። ዊልፍ ቢያየው ሳይጠይቅ ይነቅለው ነበር። ያንን ግማሽ ቅጠል እያየሁ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር ጠረጴዛ መታ። መዳፏ ነው። ደግሞ መታ። ቆጠርኩ፤ እሷም ቆጠረች።

"ስድስት!" አለች ጮክ ብላ። "ስድስት ነሽ አንቺ ቀጣፊ! ኦር... ጋ... ኒ... ዝም።" ብዕሯ ወረቀቱን ሲጭረው ሰማሁ።

ውጤቱ በሦስት ሳምንት መጣ። ኤድና ደብዳቤውን ሳትከፍት ማክሰኞ ማዕከሉ ድረስ አመጣችው። ጁሊያንን ከቢሮው ጠራችው። "ና፣ አንተም ስማ" አለችው። ፖስታውን በአውራ ጣቷ ቀደደች። እጇ ወደ አገጯ ሄደ፤ ከዚያ ራሷ መለሰችው። ድምፅዋ አልፈጠነም፣ ግን አልቆመም። የተከበሩ ሚስስ ሆወርዝ ከሚለው ጀምራ እስከ ፊርማው አነበበችው። ከሠላሳ ሃያ አንድ። አልፋለች።

ጁሊያን እጁን ሊሰጣት ዘረጋ። "እንኳን ደስ..."

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ከታች አለ።" ጣቷን ታችኛው መስመር ላይ አሳረፈች። "'ተፈታኟ ዘጠኝ ጥያቄ ስተዋል። በሥጋ አቀማመጥ ረገድ ያላቸው ዕውቀት ደካማ ነው።'" ቀና አለች። ዓይኗ ይበራ ነበር። "ደካማ ነው! ይኸው፣ መጥፎውንም አነበብኩት። ማንም አልዘለለብኝ።"

"እና ሥጋው?" አልኳት።

"ሥጋ አቀማመጥማ ከእኔ ይማሩ፤ ጥያቄው ነው የተበላሸው።"

ምድጃዋ ጋር ቆየች። በማግስቱ ሚስስ ታተርሶል አዲስ ጣሳ ሰጥታት "ይህ ምን ይላል?" ብላ እንደፈተነቻት፣ ኤድናም አንብባ ስታበቃ "አንቺስ መነጽርሽን ረስተሽ ነው?" እንዳለቻት ነገረችኝ።

ቅዳሜ ቤቴ መጣች። ከወጥ ቤቱ ሳህን አጣቢዎች ሁለቱ፣ ማንበብ እንደማይችሉ ለእሷ ብቻ ነግረዋታል። ወደ ማዕከሉ ኑ ብትላቸው አይመጡም። ማታ ማታ በእሷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ልትጀምራቸው ነው።

"ወረቀት ገዝቻለሁ" አለች። "የቤቴ መቀስ ግን ወፍራሙን ወረቀት ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። እና አንድ ሁለት ሳምንት ብታውሺኝ..."

ከሚስማሩ አውርጄ በፎጣው ጠቅልዬ ሰጠኋት።

"መቼ ልመልስልሽ?"

"አትመልሺው።"

"የዊልፍ ነው እኮ!"

"የማን እንደሆነ አውቃለሁ" አልኳት። "መቀስ ካልቆረጠ ይዝጋል። ውሰጂው።"

የዊልፍ እህት በማግስቱ መጥታ ባዶውን ሚስማር አየች። "መቀሱንስ? እሱን እንኳን ለማስታወሻ ብታስቀሪ ምን ነበረበት?" አለችኝ። ሻይ ቀዳሁላት። ይህን ጊዜ ወሬ አልቀየርኩም፤ "ሥራ ላይ ነው" አልኳት።

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ፤ አንድ እንቁላል ቀቀልኩ፤ ዳቦ ጠበስኩ። የጓሮው ክፍል በር ክፍት ነው። ከጠረጴዛው ስር ወረቀት የለም። በሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ መቀስ የለም።